ሰባ አንድ ወይስ ሰማንያ ሁለት

[ማድ ቤት። በመስኮቱ በኩል፣ ግቢው ውስጥ፣ አፍንጫዋን ወደ አጥሩ ያዞረች ቀይ የውድድር መኪና ትታያለች። ምድጃው ላይ ውሃ የሞላ ድስት ተጥዷል፤ ውሃው ውስጥ ሁለት ቴርሞስታቶች በክር ተንጠልጥለዋል። ድስቱን የከበቡት ሁለት ናቸው። ሊቁ ማስታወቂያ ሰሌዳ እየሠራ የሚተዳደር ሰው ነው፤ ከሰሌዳ በቀር የማያወራው ነገር ስለሌለ ሰፈሩ ይህን ስም አወጣለት። አማች የታናሽ እህቱ ባል ነው። መኪናዋን የሚነዳው እሱ ነው፤ ነገር ሲገባው ግን ቀስ ብሎ ነው ይባላል። ክርክሩ ከቁርስ ጀምሮ አልበረደም።]

ሊቁ፦ ሰባ አንድ አልኩህ፣ ሰባ አንድ ነው!

አማች፦ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ግን በሰማንያ ሁለት ነው የወጣችው፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ አንተስ ስትወለድ ጡት ነበር የምትጠባው። ዛሬም ትጠባለህ?

አማች፦ [አሰብ አድርጎ] አልጠባም።

ሊቁ፦ እንግዲያው ስማ። ቴርሞስታት ማለት በር ነው። ውሃው ሲግል ይከፈታል፤ ውሃው ወደ ራዲያተር ይሄድና ነፋስ መትቶት፣ በርዶ ይመለሳል። በሰባ አንድ ዲግሪ የሚከፈተው ቀድሞ ይከፈታል። ቀድሞ ከተከፈተ ሞተሩ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ጉልበታም ነው።

አማች፦ ታዲያ በሠላሳ የሚከፈት ለምን አልገዛንም?

ሊቁ፦ እህቴ ምን አይታብህ ነው ያገባችህ?

አማች፦ እሷም አልፎ አልፎ ትጠይቀኛለች። እኔ የምለው ጋሼ፣ ከፊት ለፊት ያለው ነገር…

ሊቁ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! የነገሩ ሁሉ ሥር ዲግሪው ነው አልኩህ።

አማች፦ እሺ። ብቻ እሁድም እንዳለፉት ውድድሮች መንገድ ላይ ፈልታ ከቆመች እህትዎ ትሸጣታለች። ገዢ አግኝታለች፤ ሰኞ ይመጣል። ይቺን መኪና ብሎን በብሎን የሰበሰብኳት እኔ ነኝ። ሰው ቁልፏን ሲወስድ ቆሜ የማይ አይመስለኝም።

ሊቁ፦ [ልቡ ራራ፤ ድምፁ ግን አልራራም] ለዚህ አይደል እንዴ በሙከራ የምናረጋግጠው? ዓይንህን ድስቱ ላይ አድርግ። [ይጠብቃሉ።] ይኸው! ሰባ አንዱ ተከፈተ! አየኸው?

አማች፦ እኔ አላየሁም።

ሊቁ፦ የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል። ገና ሲከፈት እንደ ፀጉር ነው የሚቀጥነው።

አማች፦ ጋሼ፣ ምድጃውን ልለኩሰው?

[ሊቁ ጎንበስ ብሎ ያያል። እሳት የሚባል ነገር የለም።]

ሊቁ፦ ለኩሰው። መጀመሪያ ዓይንህን እየፈተንኩ ነበር።

[ይለኮሳል። ውሃው ይሞቃል። ሰባ አንዱ አፉን ይከፍታል፤ ትንሽ ቆይቶ ሰማንያ ሁለቱም ይከፍታል።]

ሊቁ፦ ይኸው እንግዲህ! ማን ቀደመ?

አማች፦ ሰባ አንዱ።

ሊቁ፦ ያኛውስ?

አማች፦ ዘግይቶ ተከፈተ። ግን ጋሼ፣ ሁለቱም ተከፍተው ውሃው ይኸው ይንተከተካል።

ሊቁ፦ ድስት እኮ ነው፣ ወንድሜ! ነፋስ በየት በኩል ያግኘው? ነፋስ ያላገኘ ውሃ በሩ ቀደመም ዘገየም መፍላቱ አይቀርም። ይሄንን ሕፃን ያውቀዋል!

አማች፦ ሕፃን ያውቀዋል። [ምድጃውን ያጠፋል] የእኛዋ መኪና በሰማንያ ሁለቱ ስትሄድ ድሮ ፈልታ ታውቃለች?

ሊቁ፦ አታውቅም።

አማች፦ ከዚያ ወዲህ ምን ጨመርንባት?

ሊቁ፦ ምንም። የኔን ሰሌዳ ብቻ።

[ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ለራሱም ተሰማው። ወደ ግቢው ይወጣል፤ አማች ይከተለዋል። በመኪናዋና በአጥሩ መሃል ተጠጋግተው ይገባሉ። የቆርቆሮ ሰሌዳው የራዲያተሩን አፍ ከዳር እስከ ዳር ደፍኖታል። በሽቦ ጥፍር አድርጎ ያሰረው ሊቁ ራሱ ነው። በወርቃማ ቀለም እንዲህ ይላል፦ «የቴክኒክ አማካሪ፣ ሊቁ»።]

ሊቁ፦ እና… ለምን አልነገርከኝም?

አማች፦ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሞኝና ወረቀት ይሉኛል። ወረቀቱ ከቆርቆሮ መሆኑን ግን አልነገሩኝም።

ሊቁ፦ ጥቂት ቀዳዳ ብንበሳበትስ?

[አማች ፒንሳ ይሰጠዋል። ሊቁ ሽቦውን አንድ በአንድ ይፈታል። የገዛ ስሙን ታቅፎ ሲቆም ያሳዝናል።]

አማች፦ አይዘኑ ጋሼ። ሰማንያ ሁለቱን እመልሳለሁ፤ ሰሌዳውን ከኋላ እንሰቅለዋለን።

ሊቁ፦ ከኋላ ማን ያነበዋል?

አማች፦ የቀደምነው ሁሉ ያነበዋል።

ሊቁ፦ ካልቀደምንስ?

አማች፦ ያን ጊዜ ሰኞ የሚመጣው ሰውዬ ያነበዋል።