በዘንቢል የተዳረች ልጄ

ሸዋሮቢት ውስጥ ወንድ ልጅ ዘንቢል አንጠልጥሎ ገበያ ከወጣ፣ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሚስቱ ሞታለች፣ ወይ ሚስቱ ጥላው ሄዳለች። ሦስተኛ ምክንያት በከተማችን አይታወቅም። እኔ ግን ሦስተኛ ምክንያት አለኝ። የኔ ምክንያት የዓለም ሙቀት ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ።

ለነገሩ ስለ ሙቀት ለሸዋሮቢት ሰው ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከደብረ ሲና ጋቢውን ተከናንቦ የተነሳ እንግዳ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ጋቢውን በክንዱ ይዞ ከመኪና ሲወርድ እያየን ነው ያደግነው። ሙቀትን እናውቀዋለን፣ እሱም ያውቀናል። የማናውቀው የኛ ጥፋት መሆኑን ነበር። እሱን የነገረችን ልጄ ሐያት ናት።

እኔ ሰኢድ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። አስፋልቱ ዳር የእግር መኪናዬን እየረገጥኩ የዋልኩበት ዘመን ከልጄ ዕድሜ ይበልጣል። ሐያት አስተማሪ ናት፣ ሳይንስ ነው የምታስተምረው። ቀኑን ሙሉ ስታስተምር ውላ ማታ ደክሟት ዝም የምትል ከመሰላችሁ አታውቋትም። የቀረውን ትምህርት እቤት አምጥታ እኛ ላይ ትጨርሰዋለች። አንድ ቀን እራት ላይ ይህ ሙቀት በየቤታችን ከምናባክነውም ይመጣል አለችን። ባለቤቴ ዘሀራ ተቆጣች። «ከማጀት ሳልወጣ የኖርኩ ሴትዮ ዓለምን በየት በኩል አሞቅኳት?» አለች። እኔ ግን እንጀራዬን ጠቀለልኩ። መኪናዬ በእግር ስለምትሠራ ከክሱ ነጻ የወጣሁ መስሎኝ ነበር።

አልወጣሁም። በማግስቱ ሕግ ወጣ። ሰው የሌለበት ክፍል መብራት አይበራም። ቬንትሌተሩ ይጥፋ፣ ግቢው ውስጥ የኒም ዛፍ እያለ ምን ሲደረግ? ለቅርብ መንገድ ባጃጅ ቀረ። ከሰላት በፊት የምንታጠብበት የውዱእ ውሃ በሳፋ ይጠራቀምና ፓፓያው ሥር ይፈሳል። ይህን እንኳ ወደድኩት፣ ውሃ ማባከንን ዲናችንም ይከለክላል። ሥጋውም ይቀነስና ማሾ የሚባለው አረንጓዴ ጥራጥሬ ይብዛ ተባለ። ማሾ እኮ እኛ አገር ለነጋዴ ይዘራል እንጂ ለገዛ ሆዱ ብሎ የሚዘራው ስንቱ ነው? እኛ ቤት ግን ማሾ ወጥ፣ ማሾ ሾርባ፣ ማሾ በሩዝ ሆነ። ውሃ ውስጥ አድሮ ስለሚቀቀል ከሰል ይቆጥባል አለችን። ቆጥቧል፣ አልዋሽም። ሆዴን ግን ሲያስጮኸው ነው የሚያድረው።

ከሁሉ የከፋው የፌስታሉ ነገር ነው። ፌስታል በቤታችን ሐራም ሆነ። እንግዲህ ዘሀራ ጉልበቷን ያማታል፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ትውላለች፣ ዘንቢሉን ማን ይያዘው? ማን ቀረ?

መጀመሪያ ቀን ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኜ ስመለስ የባጃጅ ልጆች አጠገቤ ቆመው አንገታቸውን ነቀነቁልኝ። «አይዞን ጋሼ ሰኢድ» አለኝ አንዱ። ሌላው ደግሞ አላህ ይተካ አለኝ። ምን እንደሚተካልኝ የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው። ዘሀራ በሕይወት አለች፣ ደጅ ተቀምጣ ማሾ ትለቅማለች።

ለምን እሺ አልክ ትሉኝ ይሆናል። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ያቺው አንዷ ደግሞ ልትዳር ነው። አብሯት የሚያስተምር ጀማል የሚባል ልጅ ወዳለች፣ እሱም ወዷታል። አባቱ በአቅራቢያችን ያለችው የጀውሃ ከተማ እህል ነጋዴ ሐጂ እንድሪስ ሽማግሌ ልከው፣ እኛም እንደ ወጉ እስቲ እንመካከር ብለን መልሰናቸዋል። ቁርጡ የሚታወቀው በሁለተኛው ጊዜ፣ ሐጂ ራሳቸው ሲመጡ ነው። እና ከዚህ ቤት ልትወጣ የቀናት ዕድሜ የቀራት ልጅ ዘንቢል ያዝልኝ ስትለኝ እምቢ ልበላት? ግመል ተሸከም ብትለኝም እሸከም ነበር።

በኛ አገር ልጅ ሲጠየቅ አስቀድሞ ጎረቤት ይጠየቃል። የኛ ጎረቤት እትዬ አስካለ ናቸው። በርበሬና ሽሮ ይሸጣሉ። ልባቸው ደግ ነው፤ ዓይናቸው ደግሞ ከልባቸው ቀድሞ ይደርሳል። ፋሲካና ኢድን ተጠራርተን የምንውል ሰዎች ነን። ታዲያ ሰሞኑን በአጥር በኩል አንድ ሳህን ሽሮ ወጥ ማቀበል ጀምረው ነበር። ዛሬም ነገም። እኔ ፍቅራቸው ጨምሮ መስሎኝ እበላለሁ። ከማሾ ያዳነኝን ወጥ ለምን ብዬ ልጠይቅ?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው። አንድ ከሰዓት እትዬ አስካለ ነጠላቸው ዓይናቸው ላይ ሆኖ ገቡ። ከጀውሃ ሰው ተልኮ ስለኛ ጠይቋቸዋል። እሳቸውም ያዩትን ተናግረዋል። ቤቱ ይጨልማል፣ መብራት ተቆርጦባቸው ይሆናል ብለዋል። ጋሼ ሰኢድ ባጃጅ ይቅርና ዘንቢል በእጁ ይዞ በእግሩ ይሄዳል ብለዋል። ሥጋ ካዩ ከርመዋል፣ የታጠቡበትን ውሃ ሳይቀር ያጠራቅማሉ ብለዋል። ለኛ አዝነው፣ እንዲታዘንልን አስበው ነው።

«ድሮ እንዲህ አልነበሩም፣ ወድቀው ነው፣ ልጅቷ ግን ዕንቁ ናት አልኳቸው። አጠፋሁ እንዴ ዘሀራዬ?» አሉ።

ዘሀራ ወደኔ ዞረች።

«ልጄን በዘንቢልህ ቀበርካት!» አለችኝ።

በዘንቢሌ! ዘንቢሉን እኔ እንደፈለሰፍኩት። ግን ምን ልበል? ሐጂ እንድሪስ የእህል ጎተራቸው ሞልቶ የፈሰሰ ሰው ናቸው። የደኸየ ቤት ልጅ አልፈልግም ካሉ አለቀ፣ ጀማል ያለ አባቱ ምርቃት ኒካህ አያስርም። ሐያት ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሯል። ስገባ ግድግዳውን ዞራ ታለቅሳለች። ዓለምን አድናለሁ ብላ ትዳሯን ያጣች ልጅ ፊት ቆሞ ምን ይባላል? እስከዚያ ድረስ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ሐጂ የሚመጡበት ቀን ሲደርስ ሥልጣኑን ዘሀራ ያዘች። ሕጉ ሁሉ ተሻረ። ፍየል ታረደ፣ በዚያ ላይ ሌላ ፍየል ታረደ። ከሰሉ በጆንያ ገባ። የታሸገ ውሃ በላስቲኩ እንደታሰረ ተደረደረ። ካለን ቬንትሌተር ላይ ሁለት ተውሰን ሦስቱም ባንድ ላይ ይጮሃሉ። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት በቤቱ ያለ አምፖል ሁሉ በራ፣ የሽንት ቤቱ ሳይቀር። ሁለት ባጃጆች ተከራይተን ደጃፍ ላይ አቆምናቸው። የት ሊሄዱ? የትም፤ ሥራቸው መቆም ነው። ዘንቢሉ በአጥር በኩል ተሻግሮ እትዬ አስካለ ዘንድ ተደበቀ። እሳቸውም ጥፋታቸውን ሊክሱ ቃል ገብተው፣ ቆርጠው ተነስተዋል። ሐያትን ጠየቅናት። የፈለጋችሁትን አድርጉ ብላ ጓዳ ገባች።

ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ሐጂ መጡ። እኔ በመኪና ይመጣሉ ብዬ መንገዱን ሳይ፣ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ከመናኸሪያው በእግራቸው፣ በጃንጥላቸው ጥላ ሥር ደረሱ። ቀጭን ረጅም ሰውዬ ናቸው። ባጃጆቹን አይተው የታመመ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የለም አልኩ። ታዲያ ለምን ቆሙ አሉ። ለእርስዎ ክብር አልኩ። ጃንጥላቸውን ዘጉ።

ቤት ሲገቡ ቀና ብለው አምፖሉን አዩት። ከዚያ በግድግዳው በኩል ሲያልፉ፣ ሳያስቡት ይመስላል፣ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ማጥፊያውን ተጫኑት። ዘሀራ ተከትላ አበራችው። ለመቀመጥ ዞር ሲሉ ደግመው አጠፉት። ደግማ አበራችው። ሥጋው ቀረበ፣ ቀመስ አድርገው ተዉት። የታሸገ ውሃ ተሰጣቸው፣ ግማሹን ጠጥተው ክዳኑን ገጠሙና የቀረውን ከነጠርሙሱ ኮታቸው ኪስ ከተቱት። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ምንም አልገባኝም። ዘሀራማ ሰውዬው በድሎታችን እንደተደነቁ እርግጠኛ ስለነበረች አራተኛ ቬንትሌተር የሚያውስ ሰው ታስብ ነበር።

በመጨረሻ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድሜ ሰኢድ፣ ማሻአላህ፣ ቤትህ ሙሉ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያደገች ልጅ ግን እኛ ዘንድ ትቸገራለች። ሳናስቸግራት ብንቀር ይሻላል።»

ብለው ጃንጥላቸውን አነሱ። ነገሩን የገለጡልኝ አብረዋቸው ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ሐጂ ከላኩት ሰው፣ አባትየው ዘንቢል ይዞ በእግሩ ይሄዳል፣ መብራት ያጠፋል፣ ማሾ ይበላል፣ የእጅ ውሃ አይደፋም ሲል ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ይህን ቤት ሌላ ሰው ሳይቀድመን ብለው ልጃቸውን ያጣደፉት እሳቸው ናቸው። እትዬ አስካለ «ወድቀዋል» ያሉትን ሐጂ «ቆጣቢ ናቸው» ብለው ነው የሰሙት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኛ ነን።

«ሐጂ፣ ይሄ ሁሉ ውሸት ነው!» አልኩ።

«የቱ? የሰማሁት ወይስ ያየሁት?»

«ያዩት! ያዩት ነው እንጂ! ዘንቢል አለኝ፣ ወላሂ አለኝ!»

ሴት ልጁን ለመዳር ዘንቢል አለኝ ብሎ የማለ አባት ከኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። አጥሩ ጋ ሮጥኩና ጮኽኩ። «እትዬ አስካለ፣ ዘንቢሌን ያቀብሉኝ!» እትዬ አስካለ ግን ቃላቸውን የሚጠብቁ ሴት ናቸው።

«የምን ዘንቢል?» አሉ ጀውሃ በሚሰማ ድምፅ። «ጋሼ ሰኢድ ዘንቢል ይዞ አያውቅም! ድሎተኛ ሰው ነው!»

ሐጂ ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ። ያኔ ሐያት ከጓዳ ወጣች። መብራቱን አንድ በአንድ አጠፋች። ቬንትሌተሮቹን ነቀለች። ባጃጆቹን አሰናበተች። እትዬ አስካለ ቤት ሄዳ ዘንቢሉን ይዛ መጣችና፣ ሐጂ ፊት አስቀምጣ ራቅ ብላ ቆመች። ሐጂ ጎንበስ አሉ። ዘንቢሉን ሳይሆን እጀታውን ነው ያዩት። መዳፌን ሲቆርጠኝ ጊዜ በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰፍቼዋለሁ። ጨርቁ በእጄ ወዝ ጠቁሯል። አገላብጠው አዩት፣ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄ የአንድ ቀን ዘንቢል አይደለም» አሉ። ፊታቸው በራ። «ኑ እስቲ እንቀመጥ።»

ኒሙ ሥር ተቀመጥን። ውሃ ከእንስራ ተቀዳ። እትዬ አስካለም ለይቅርታ ሽሯቸውን ይዘው መጡ፣ ሐጂ ሽሮውን ሳህኑን ጠርገው በሉት። ሐያት በትሕትና፣ ለምን እንደዚያ እንደምንኖር አስረዳቻቸው። ስለ ጭሱ፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ሙቀቱ ነገረቻቸው። ሐጂ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። ዕድሜ ልካቸውን ጀውሃ ውስጥ ንፉግ ሲባሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ በስተርጅና ለካ ዓለምን ሲያድኑ ኖረዋል!

ለንፉግነታቸው መልካም ስም ካገኙ በኋላ ማን ይቻላቸው? ሠርጉ በአንድ ሚኒባስ ይሁን አሉ፣ ለአየር ንብረቱ። ፍየሉ ዛሬ ከታረደው ይብቃ አሉ፣ ለአየር ንብረቱ። ሙሽራው ለሙሽሪት ለሚሰጠው መህርም ወርቁ ይቅርና የማንጎ ችግኝ ይሁን፣ ለአየር ንብረቱ። ዘሀራ እጄን በጥፍሯ ያዘችኝ። መህር የሙሽራዋ መብት ነው፤ ልጅቷ ራሷ ያስተማረቻቸውን ግን በምን አፋችን እንመልሰው? ሁላችንም ሐያትን አየናት። የገዛ ትምህርቷ ዞሮ አንገቷን ያዘ አልኩ በሆዴ፣ አዘንኩም።

ሐያት ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች መለሰች።

«ችግኙን አልሃምዱሊላህ፣ እቀበላለሁ ሐጂ። ግን ወርቅም እኮ ጭስ የለውም። መብራት አይበላም፣ ነዳጅ አይጠጣም። አረጀ ተብሎ አይጣልም፣ ከእናት ለልጅ ያልፋል። ለአየር ንብረት እንደ ወርቅ የሚስማማ ዕቃ እኔ እስካሁን አላየሁም።»

ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን ያዙ። ሐጂ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ሰደው ያቺን ግማሽ ውሃ አወጡና እስከ ታች ጠጧት።

«ወርቁም ይሁን» አሉ በቀስታ።

ባዶዋን ጠርሙስ ግን አልጣሏትም። ክዳኗን ገጥመው መልሰው ኪሳቸው ከተቷት።