ለሌሊት የተቀጠረው አፕዴት

የእናንተን ቤት አላውቅም እንጂ የእኛ ቤት ኮምፒውተር ነዝናዛ ነው። አፕዴት አድርጉኝ ይላል። “በኋላ” የሚለውን ስነካለት ዝም ይላል። በማግስቱ ደግሞ ይመጣል። እንዲህ እየተባባልን ወራት አለፉ። በኋላ የሚባል ነገር ግን ማለቂያ የለውም? አለው፤ ያውም በክፉ ቀን።

ባለቤቴ ጽጌ መሥሪያ ቤቷ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ ስትፈልግ ከርማ፣ በመጨረሻ አንድ ድርጅት ጠራት። ቃለ መጠይቁ በኮምፒውተር ነው፤ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት። ይህ ካመለጣት በቃ፣ የቤት ኪራዩን ስለማንችለው ሰፈራችንን ቂርቆስን ለቀን ወደ ከተማው ዳር መውጣታችን ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸው፣ እኔም በእግሬ ከምደርስበት የካዛንቺስ ቢሮዬ ልንርቅ ነው። እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

ጽጌ ያልተዘጋጀችለት አደጋ የለም። መብራት ቢጠፋ ብላ ባትሪውን ሞላች። ኔትወርክ ቢቋረጥ ብላ ለስልኬ ዳታ ገዛች። ጎረቤታችንን እማማ የሺን ሳይቀር ያን ጠዋት በርበሬ እንዳይወቅጡ ለምናቸዋለች። የቀረው ያ አፕዴት ነበር። መሀል ላይ ተነስቶ ኮምፒውተሩን ቢያጠፋውስ? እሱን ለእኔ ተይው አልኳት። የቤቱ የቴክኖሎጂ ሰው እኔ ነኝ፤ ማለቴ፣ ሌላ አልተገኘም።

ረቡዕ ማታ ከኮምፒውተሩ ጋር ተፋጠጥን። በስንት ሰዓት ልጀምር ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ የሚተኛበትን ሰዓት አሰብኩ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ። ዘጠኝ ብዬ ሞላሁ። ከእኩለ ሌሊት ያለፈ ስለሆነ “ኤ ኤም” የሚለውን መምረጥም አልዘነጋሁም። በራሴ ኮራሁ። ጽጌ እርግጠኛ ነህ ወይ እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ተኚ አልኳት።

ጠዋት ኮምፒውተሩ ሰላም ነው። ጽጌ ኮቷን ለብሳ ተቀመጠች። ልክ በሦስት ሰዓት ጠያቂዎቹ ብቅ ብለው እንደምን አደሩ አሏት። መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። አፕዴት እየተደረገ ነው፣ ኮምፒውተሩን አታጥፉ ይላል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ የምንለውን እሱ ሦስት ይለዋል፤ ከጠዋቱ ሦስት የምንለውን ደግሞ ዘጠኝ። አፕዴቱን በገዛ እጄ ቃለ መጠይቁ ላይ ቀጥሬዋለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እኔ እኮ ቁጭ ብዬ፣ ያውም ከማታው ነበር የታጠቅኩት።

ጽጌ አልጮኸችም። ስልኬን ከእጄ ነጥቃ፣ ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፋ እንደገና ገባች። ይቅርታ ጠይቃ ቀጠለች። እኔ በሩ ጥግ ቆሜ ለቅዱስ ቂርቆስ እሳላለሁ። ምን እንደተሳልኩ አሁን አይነገርም። በመጨረሻ አንዷ ጠያቂ፣ ሳያውቅ አውቃለሁ ብሎ ነገር ከሚያበላሽ ባልደረባ ጋር ሠርተው ያውቃሉ ወይ፣ እንዴትስ ይችሉታል ብላ ጠየቀቻት።

ጽጌ ስልኩን አነሳችና ወደ እኔ አዞረችው።

“ይኸውላችሁ፣ ባለቤቴ ነው። እስካሁን አብረን ነን” አለች።

ሥራውን አገኘች። እኔ ባልሳሳት ኖሮ እንዲህ ያለ መልስ ከየት ታመጪ ነበር እላታለሁ። እውነትህን ነው፣ ውለታህ አለብኝ ትለኛለች። አዲሱ መሥሪያ ቤቷ የሰጣትን ላፕቶፕ የይለፍ ቃል ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።