የወንድሜ ደም እስኪረጋ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከእናንተ መካከል በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዶ ሐኪም ሳይሆን የተመለሰ ማን አለ? አንዱ ብርድ ልብሱን ይገፋል፣ ሌላው ይደርባል፤ አንዷ አጥሚት ስጡት ስትል ሌላዋ ምንም እንዳይቀምስ ትላለች። እኔ ብዙ ዘመን በኖርኩበት በስዊድን በሽተኛን የሚጠይቀው ሐኪሙ ብቻ ነው፤ ሰው በሥርዓትና በጸጥታ ይሞታል። አምቦ ግን ለመሞትም ፋታ አይሰጧችሁም።

ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ወንጪ ላይ ከፈረስ ወደቀ። ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው። ፈረስ ላይ ምን አወጣው አትበሉኝ፤ እኔም ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ጎድኑ ተሰብሯል፣ ጭኑም ክፉኛ ደምቷል። ወጣቱ ሐኪም፣ "እናቴ፣ ብዙ ደም ፈሶታል። የቀረው በጊዜው የሚረጋ ከሆነ ተስፋችን ጥሩ ነው፤ ካልረጋ ያሰጋናል" አለኝ። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ስለቆመ በድሮው መንገድ ሊያዩት ነው። ጥቂት ደም በብርጭቆ ቱቦ ይቀዳል፣ ማንም ሳይነካው ሃያ ደቂቃ ይቆማል፣ ከዚያ ዘንበል ይደረጋል። ከፈሰሰ ክፉ፣ ከረጋ ደግ። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ኦቦ ደበላ የሉም።

ኦቦ ደበላ ጎረቤታችን ናቸው፤ በሰፈሩ ያላስታረቁት ሰው የለም። የላቦራቶሪዋ ልጅ ቱቦውን መስኮቱ ላይ አቁማ ዘወር ስትል፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንስተው ዘንበል አደረጉት። ደሙ እንደ ውሃ ሄደ።

"አለቀ" አሉ። ዘመድ ሁሉ ማልቀስ ጀመረ። "አዴ አስካለ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ይቅር በዪው" አሉኝ ኦቦ ደበላ።

ጥላችንን ልንገራችሁ። እናታችን ስትሞት አልተነገረኝም። ሰው አገር ብቻዋን መርዶ አትስማ ተባባሉና፣ ዓመት ሙሉ በደወልኩ ቁጥር ታደሰ "ተኝታለች"፣ "ቤተ ክርስቲያን ናት"፣ "ሰላም ብላሻለች" ይለኝ ነበር። ለሞተች እናቴ ሹራብ ገዝቼ ላክሁ። ደረሳት አሉኝ። ልኳ ነው አሉኝ።

ታደሰ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ሰው ሁሉ አፌን ያያል። "ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩ። በሆዴ የምለው ግን "ብቻ አትሙትብኝ" ነበር።

ልጅቷ ተመለሰች። "አባባ፣ ማን ንኩ አለዎት?"

"አየት ላድርገው ብዬ ነው።"

"በአምስት ደቂቃማ የእርስዎም አይረጋም።"

ሌላ ቱቦ ቀዳች። በዚህኛው ኦቦ ደበላ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው እንዲቆሙ ተፈረደባቸው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ፣ ሲያክም የዋለው ዘመድ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ልጅቷ ዘንበል አደረገችው። ንቅንቅ የለም። ገለበጠችው። ንቅንቅ የለም። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ፤ የሌሎች አልጋዎች በሽተኞች ሳይቀሩ አጨበጨቡ፤ ኦቦ ደበላ ልጅቷን በኦሮምኛ እየመረቁ ግንባሯን ሳሟት። ሐኪሙ "ገና ነው፣ ረጋ በሉ" ቢል ማን ሰምቶት። እኔም እልል አልኩ፤ ስንት ዓመት ታፍኖ የቆየ እልልታ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

በሦስተኛው ቀን ታደሰ ቀና አለ። ከሰውነቱ ቀድሞ የዳነው ምላሱ ነው።

"እትዬ፣ ይቅር አልሽኝ አሉ።"

"ልትሞት መስሎኝ ነው።"

ሳቀ፤ ጎድኑ ወጋውና አቃሰተ። ትራሱን አስተካክዬ ሾርባውን በማንኪያ አጠጣሁት። ኦቦ ደበላ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ለእርቅ በሩ ላይ ቆመዋል። ይቁሙ። የእናቴን ሞት እሳቸውም ያውቁ ነበር። ታደሰን ይቅር አልልም። ዘመዶቼንም፣ እሳቸውንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።