በአንገት ውስጥ ያለው መሪጌታ

የዛሬ ልጆች ለመሮጥ ጫማ ይገዛሉ፤ አሠልጣኝም አላቸው። እኛን ያሠለጠነን ውሻ ነበር። አንኮበር የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ከሰው ደጅ ቆሜ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል፣ ልመናዬን ሳልጨርስ ውሻው ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ደበሎዬን ሰብስቤ፣ አኮፋዳዬን አቅፌ ያንን ቁልቁለት መብረር ነው። ሰዓት የሚይዝልን አልነበረም እንጂ ስንት ሜዳልያ ቀርቶብናል መሰላችሁ!

ይህን ያነሣሁት ስለ ሩጫና ስለ አንገት ላወራችሁ ፈልጌ ነው። በልጅነቴ በአገራችን እንቅርት ብዙ ነበር። እናቴም ነበረባት። ስታቅፈኝ ጉንጬ የሚያርፈው እዚያው እብጠቱ ላይ ነበር፤ ሕመም መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እንቅርትን የሚከላከለው አዮዲን ያለበት ጨው ሲመጣ እርሷ አልነበረችም።

እንግዲህ የልጅ ልጄ ትዕግሥት ደብረ ብርሃን ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ሯጭ ናት። ከፋሲካ በኋላ የክለብ ምርጫ ነበረባት። በሁዳዴ ግን እግሯ ከዳት። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ በብርድ ትንቀጠቀጣለች፤ ከኋላዋ የነበሩት ሁሉ ያልፏት ጀመሩ። አሠልጣኟም «እንዲህ ከሆነች አላስመዘግባትም» አለ። ሐኪም ቤት ይዣት ሄድሁ። ዶክተሯ የደሙን ውጤት አይታ «የእንቅርት ዕጢዋ ሆርሞን ዝቅ ብሏል» ስትል፣ ሳላስበው እጄን የልጅቱ አንገት ላይ አገኘሁት።

«አይዞዎት የኔታ፣ እብጠት የለባትም» አለችኝ። ይህ ዕጢ የሰውነትን ፍጥነት የሚያዝ ነው አለች። በእኔ ቋንቋ ልክ እንደ እኛ መሪጌታ ማለት ነው፤ መቋሚያውን ዝቅ ሲያደርግ ዝማሜው ይረጋል፣ ሲያነሣ ከበሮው ይፈጥናል። ሩጫ በራሱ ዕጢውን አይጎዳውም አለች፤ ከጠንካራ ልምምድ በኋላ ሆርሞኑ ለጊዜው ቢዋዥቅ በዕረፍት ይመለሳል። ብዙ ሮጦ ጥቂት የሚበላ ሰው ግን ሰውነቱ መቆጠብ ይጀምራል፤ መሪጌታውም ማኅሌቱን ያቀዘቅዘዋል።

«የምትበይው በስንት ሰዓት ነው?» ብትላት ትዕግሥት መሬት መሬት አየች። ለካስ ማለዳ በአንኮበር መንገድ ሮጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም ኖሯል!

የነፍስ አባቷ በማለዳ እንድትመገብ ፈቀዱላት። እርሷ ግን አሻፈረኝ አለች። «አባባ በዚህ ዕድሜው እየጾመ እኔ ወጣቷ ቂንጬ ልሰልቅጥ?» አለች። መከርኋት፣ ተቆጣኋት፣ ከመጻሕፍት ጠቀስሁላት፤ በጄ አላለችም። ያስተማርኋት እኔ ነኝ፣ በምን አፌ ልርታት?

እኔም ወደ ነፍስ አባታችን ሄድሁ። «ለሽማግሌም ፈቃድ አለ እኮ፤ እስከ ዛሬ እምቢ ያሉት እርስዎ ነዎት» ብለው ሳቁብኝ። በማግሥቱ፣ ከሩጫ ስትመለስ፣ ቂንጬውን በአንድ ሳሕን አስቀርቤ መጀመሪያ እኔ ጎረስሁ። ለዘመናት በዘጠኝ ሰዓት ጿሚነቴ ስከበር የኖርሁ ካህን፣ ጎረቤት እንዳያየኝ በሩን ዘግቼ! ትዕግሥት አየችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከዚያም ሳሕኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

ልምምዱም ለጊዜው ቀለል ተደረገላት። ሁዳዴ ሳይፈታ ደሟ ዳግም ተመረመረ፤ መሪጌታው መቋሚያውን አንሥቷል። ከፋሲካም በኋላ ሮጣ ተመረጠች።

ችግሩ እኔ ላይ ነው የቀረው። ጠዋት ለእርሷ ብዬ እበላለሁ፤ በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ከልማድ የተነሣ እበላለሁ። ሆዴ ከመታጠቂያዬ አለፈ። ዶክተሯ አይታኝ «የኔታ፣ የእርስዎ ዕጢ ደኅና ነው፤ በየማለዳው የእግር ጉዞ ያስፈልግዎታል» አለች። አሁን አሠልጣኜ ትዕግሥት ናት። «አባባ፣ ፈጠን በል እንጂ! ካህን ነህ ወይስ ቀንድ አውጣ?» እያለች ታዋርደኛለች።

ትናንት ግን ከአንድ አጥር ሥር ውሻ ጮኸ። ጋቢዬን ሰብስቤ ስበር፣ ትዕግሥት የደረሰችብኝ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው።