ግቢውን የበላው ሌንስ

ሰውን ከሰው የሚያጣላው መራራቅ ነው የሚላችሁ ካለ፣ ሌንስ ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። የሚያጣላው መቀራረብ ነው! በገንዘቤ ገዝቼ አረጋግጫለሁ።

በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያበላሸሁት ፊልም ነው ያስተማረኝ። አንድ ቀን ጎረቤቴ ኩለኒ መጣች። መምህር ታደሰን አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች።

«እናቴንና ባሌን በአንድ ፎቶ አንሺልኝ» አለች።

ቀላል መሰላችሁ አይደል? እናቷ አዴ ጫልቱ የጥንት ሰው ናቸው። በእሳቸው ቤት ሥርዓት አማትና የልጅ ባል አይቀራረቡም፤ ማዕድ አይጋሩም፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። በኦሮምኛ አማች «ሶዳ» ነው፤ ፍርሃትም «ሶዳ» ነው። «ዳ»ን ጠበቅ ስታደርጓት አማች፣ ላላ ስታደርጓት ፍርሃት። መምህር ታደሰ ሁለቱንም በአንድ ላይ ነበር የሚኖራቸው። ገበያ ውስጥ አማቱን ካየ የመጣበትን ጉዳይ ትቶ ይመለሳል… ሽንኩርትም ቢሆን።

ከብዙ ልመና በኋላ አዴ ጫልቱ እሺ አሉ። «እሱ ከማንጎው ሥር፣ እኔ ከበረንዳዬ። ግቢው መሃላችን ይሁን። አንቺም ያንን ነገር ይዘሽ እንዳትጠጊኝ!»

ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አነሳሁ። ፊልሙ ሲታጠብ ማንጎው አምሮበታል። ኩለኒ አየችና፣ «ይቺ በረንዳው ላይ ያለችው ዶሮ የማን ናት?» አለች።

«እናትሽ ናቸው።»

እንግዲህ የሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ መግዛት ግድ ሆነ። አቶ ሙዘይን ሱቅ ከፋኖስ ብርጭቆ እስከ ሐኪም ጓንት ያልነበረ ነገር የለም። ሦስት ሌንስ ደረደሩልኝ። ኪሳችሁ ሲሳሳ ምርጫ ቀላል ነው፤ ስሙኝማ። አንደኛው ካሜራዬ ላይ አልገጥም አለ። ሁለተኛው ገጠመ፤ ዋጋው ኪሴ ላይ አልገጥም አለ። ሦስተኛው ለሁለቱም ገጠመ፤ ውስጡ ግን ሸረሪት ያደራችበት ይመስላል።

«አቶ ሙዘይን፣ ይሄ ሻጋታ አይደለም?»

«ፎቶው ላይ አይታይም እህቴ።»

«ታዲያ ምን ላይ ነው የሚታየው?»

«ዋጋው ላይ።»

እሱን ያዝኩ። «ለመሆኑ ሰው ያቀርባል?»

«የፈለግሽውን ሰው ያቀርብልሻል!»

የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ የገባ አብዮት ጠባቂ ቀስ ብሎ ዞረ። «ማንን ነው የምታቀርቢው?» ያኔ ሰው «ማቅረብ» እንደዛሬው ተራ ቃል አልነበረም፤ ለምርመራም ይቀረብ ነበር…

«የጎረቤቴን ባል አማት ነው ጓድ።»

«አማት?» ጥቂት አሰበ። «አቅርቢያት» አለኝ።

አቀረብኳቸው። ያው መንገድ ማዶ፣ ያው ማንጎ፣ ያው በረንዳ። ፎቶው ሲወጣ ግን… እናንተዬ! ሌንሱ ያንን ሁሉ ግቢ እንደ ጃንጥላ አጥፎታል። አዴ ጫልቱ አገጫቸውን አማቻቸው ትከሻ ላይ ጣል አድርገው በጆሮው ያንሾካሹካሉ!

ፎቶውን ስሰጣቸው አቀረቡት፤ አራቁት። «ዋቃዮ! ግቢዬ የት ሄደ? ቀበሌ ወረሰው እንዴ?»

«ሌንሱ ነው አዴ…»

«ቆርጠሽ አጣብቀሽኝ ነው! በምን ፊቴ ነው ከእንግዲህ እዚያ ቤት የምገባው? ለወሊዱም አልደርስም!»

ኩለኒ ማልቀስ ጀመረች። ሊያርሷት ቃል የገቡት እናቷ ናቸው፤ ሌላ ዘመድ ነቀምቴ ውስጥ የላትም። የልጅቷን አራስ ቤት ያለ እናት ያስቀረሁት እኔና ሻጋታዬ ነን።

በማግስቱ ካሜራዬን ይዤ ሄድኩ። መምህር ታደሰን ማንጎው ሥር አቆምኩት። ኩለኒን በእናቷ ቦታ በረንዳው ላይ አቆምኳት። አዴ ጫልቱን ለምኜ መንገድ ማዶ ወሰድኳቸው።

«ማሎ፣ እባክዎ በዚህች ይዩ።»

«እሱን ማየት ነውር ነው።»

«ማየት አይባልም አዴ፤ መስታወት ነው።»

አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። ኩለኒ ባሏ ላይ ተለጥፋለች። ካሜራውን አወረዱ፤ ግቢው በቦታው ተዘርግቷል። አነሱ፤ ግቢው የለም። አወረዱ፤ አለ። «ዱጋ!» አሉ፣ እውነት ነው ሲሉ። እፎይ ልል ስል ካሜራውን መልሰው አነሱት፤ አላወርድም አሉ። ፈራሁ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ይሄ ልጅ እንዲህ ከሲታ ነው እንዴ?»

ለካ እስከዚያ ቀን ፊቱን በቅጡ አይተውት አያውቁም! ማዶ ሆነው ጮኹ፦ «ኩለኒ! ምን እያበላሽው ነው?»

በዚያው ቀን ጩምቦ ተጋግሮ፣ በቅቤ ርሶ፣ በሰው እጅ ለመምህሩ ተላከ። በወሊዱም አዴ ጫልቱ ከማንም ቀድመው ደረሱ፤ መምህሩ በጓሮ በር ወጣ፤ ሥርዓቱ ሥርዓት ነው። ብቻ ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ፎቶ ቤቴ ብቅ ይላሉ። «ያቺን አቅራቢ አምጫት፤ ወፍሮ እንደሆነ ልየው።»

ዛሬም ሌንስ ሊገዙ ያሰቡ ወጣቶች ያማክሩኛል። «ስንት ሚሊሜትር ይሻለኛል?» ይሉኛል። እኔ፣ «አማት አለችህ?» ብዬ ነው የምጀምረው። አለችኝ ካለ ሁለት እንዲገዛ እመክረዋለሁ፤ አንዱ ከአማቱ እጅ አይመለስለትም።