ሄሊኮፕተር ያረፈባት መርከብና የእኛ ሽምግልና

እውነት መጠኑ ሲበዛ ውሸት ይመስላል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በእኛ አገር ትንንሽ ውሸት የሚያወራ ሰው ጨዋታ አዋቂ ይባላል፤ ትልቅ እውነት ይዞ የመጣ ግን ቀጣፊ ተብሎ ይቀራል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አበው። ስንት አዳር እንደሚፈጅ ግን አልነገሩንም።

የካዛንቺሱ ጎረቤታችን ጋሽ በላቸው በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ዕጩ መኮንን ነበሩ። ባሕሩም ባሕር ኃይሉም ከሄዱ በኋላ የቀረቻቸው አንዲት ወሬ ናት። ምጽዋ ሳሉ አንዲት የፈረንሳይ መርከብ መጥታ፣ ጀርባዋ ላይ ሄሊኮፕተር ሲያርፍ አይተዋል፤ ሆዷ ውስጥ ደግሞ ነገ መኮንን የሚሆኑ ልጆች ጥቁር ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ይማሩ ነበር። ይህን የሚያወሩለት የሠፈራችን ሻይ ቤት ሰው መርከቧን አልጠላም። ሄሊኮፕተሩንም ቢሆን በስንት መከራ ይውጠው ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ሲጨመርበት ነው አልዋጥ ያለው። «ማለቴ፣ ቀበሌስ የላትም ጋሽ በላቸው?» ይላቸዋል አንዱ። «እድርስ?» ይላል ሌላው። እሳቸው ሻያቸውን ያማስላሉ። ስማቸውም ጋሽ ሄሊኮፕተር ሆኖ ቀረ።

ጨዋታ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ቁመናቸውም ሽበታቸውም ለሽምግልና የተፈጠረ ሰው ሆነው ሳለ፣ በሠፈሩ ሽማግሌ በተፈለገ ቁጥር ስማቸው ይነሳና «ቃላቸው አይከብድም» ተብሎ ይታለፋል። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን «አንዴ እንኳ ልከው ቢያዩኝ ምን አለበት?» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ግን የሠፈር ፍርድ ይግባኝ የለውም።

በኋላ መርከቧ ራሷ መጣችላቸው። ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ካስገባ ወዲህ ነው፤ ዜና ላይ የጅቡቲ ወደብ ታየ። አንዲት አሮጌ የፈረንሳይ መርከብ፣ ጀርባዋ ላይ ሄሊኮፕተር፣ አጠገቡ የተሰለፉ ዕጩ መኮንኖች። ዜና አንባቢዋ «ተንሳፋፊ ትምህርት ቤት» ስትል ሻይ ቤቱ በሙሉ ወደ ጋሽ በላቸው ዞረ። ጋሽ በላቸው ከወንበራቸው ተነስተው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ዜናው እስኪያልቅም አልተቀመጡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃላቸው ከበደ፣ ያውም ከሚገባው በላይ።

ወዲያው ለአክስቴ ልጅ ሚስት የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ ከሁሉ በፊት ጋሽ በላቸው፣ ቀጥሎ የእድራችን ዳኛ አቶ ተካ፣ ሦስተኛ ደግሞ ሽበት የቀደመኝ እኔ። የልጅቷ አባት ቤት ላንቻ ነው። እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለን ቆምን። አቶ ተካ ጀመሩ፤ ልጃችን ጭምት ነው፣ መጠጥ የሚባል በአፉ አይዞርም፣ ቤትም አለው። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሽማግሌ ሙሽራውን ያሳምራል፣ ሰሚውም ግማሹን ቀንሶ ይሰማል፤ ማንም አይጎዳም።

አባትየው ግን የመርከቧ ወሬ ላንቻ ድረስ ደርሷቸው ኖሮ ወደ ጋሽ በላቸው ዞሩ።

«የመርከቧ ሰው እርስዎ ነዎት አይደል? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ጋሽ በላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥሩ ልጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠጣል። ቤቱ የእናቱ ነው።»

አቶ ተካን ሳል ያዛቸው።

«ልጅቷ የእርስዎ ብትሆን ይሰጡት ነበር?»

ጋሽ በላቸው አሰቡ። ያን ያህል ሲያስቡ አይቼ አላውቅም፤ እኔ በልቤ «እሰጣለሁ በሉ፣ እሰጣለሁ በሉ» እላለሁ።

«ዘንድሮ አልሰጥም» አሉ። «የዛሬ ዓመት ግን፣ የራሱን ቤት ተከራይቶ ከመጣ፣ እሰጣለሁ።»

«እንግዲያው የዛሬ ዓመት ኑ» አሉ አባትየው። «አሁን ተቀመጡ።»

ስንመለስ አቶ ተካ ጥለውን ቀድመው ሄዱ። ጋሽ በላቸው ግን ፊታቸው በርቶ «እንዴት ነበር? ደህና ተናገርኩ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «በጣም» አልኳቸው። ምን ልበል? እኛ የማይዋሽ ሰው የፈለግን መስሎን ነበር። ያስፈለገን ለካ ሲዋሽ የሚታመን ሰው ነው።

የአክስቴ ልጅ የራሱን ቤት ተከራይቷል። ቅዳሜ ቅዳሜም መጠጥ ቤት አይታይም። ሦስታችንንም ግን ሰላም አይለንም።