በዳኑብ ወንዝ ላይ «እናንተ ቅደሙ»

ትናንት ጠዋት ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልኩ፣ አንገቴ ወደ ቀኝ ዘንበል ባለባት አፍታ፣ ሕልም አየሁ። በሕልሜ አክስቴን ወይዘሮ ወርቅያንጥፉን ይዤ አውሮፓ ሄጃለሁ። የቆምነው ዳኑብ በሚባለው ወንዝ ዳር ነው። አክስቴ በአንድ እጇ ሦስት ኪሎ ሽሮ በፌስታል፣ በሌላው እጇ የልጇን የመክሊትን ፎቶግራፍ ይዛለች።

መክሊት ሊንዝ በምትባል ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራለች። እናትና ልጅ ከተለያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ማን እንደነገረኝ አላውቅም እንጂ በሕልሙ ውስጥ ቀጠሮው የታወቀ ነበር። መርከባችን ሊንዝ የምትደርሰው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። መክሊት ከሥራ የተፈቀደላት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ ነው። ከሰባት ሰዓት አንዲት ደቂቃ ካለፈች ሌላ ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ ግድ ነው።

ኪሴ ውስጥ ለአክስቴ ስል የተረጎምኩት ወረቀት ነበረ። ርእሱ «በአውሮፓ ወንዞች ላይ በመርከብ ሲጓዙ ምን ይጠብቅዎታል?» ይላል። ወደ መርከቦቹ የሚያሻግረው ሳንቃ ጫፍ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ዝይ ቆሟል።

«ምን ይጠብቅዎታል የሚለውን አንብባችኋል?» አለን።

«አንብበናል» አልኩ።

«እኔ ነኝ የምጠብቃችሁ» አለና ዱላውን አሳየን።

የወንዝ መርከቦች ወደብ ላይ ጎን ለጎን ይታሰራሉ፤ ስለዚህ ወደ ራስ መርከብ ለመድረስ በሌሎች መርከቦች ሳሎን ውስጥ ማለፍ ያስፈልጋል። ይህንን ወረቀቱ በትክክል ጽፎታል። የኛ መርከብ አራተኛዋ ነበረች። ሦስት መርከብ ማቋረጥ በእኔ ስሌት አራት ደቂቃ ይፈጃል። የመጀመሪያዋ ሳሎን ስንገባ ግን ሰማንያ የሚሆኑ አረጋውያን ፈረንጆች ብርጭቋቸውን አስቀመጡ፤ ምርኩዛቸውን ፈለጉ፤ ወገባቸውን ይዘው እየተንቀጠቀጡ ተነሡ።

«ኖር!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«በእግዜር!» አለች አክስቴ ደንግጣ። «ኧረ ተቀመጡ! በእናታችሁ ተቀመጡ!»

«እርስዎ ቆመው?»

«እኔማ አላፊ ነኝ።»

«አላፊ ያልሆነ ማን አለ፣ እማማ?» አለ ጆሮው ላይ የመስሚያ መሣሪያ የሰካ ሽማግሌ።

ተቀመጥን። እነሱም ተቀመጡ። ልንሄድ ስንነሣ አብረውን ተነሡ። እንዳይደክሙ ብለን እንደገና ተቀመጥን። ሦስተኛዋን መርከብ ስንጨርስ አክስቴ የሁለት መቶ አርባ ፈረንጆችን ልጆችና የልጅ ልጆች ደኅንነት አንድ በአንድ ጠይቃ ነበር። አንዲቱ አሮጊት የልጅ ልጇ ፈተና እንደወደቀ ስትነግራት አብረው አለቀሱ።

የኛ መርከብ ነጭና ረጅም ነበረች፤ በጎኑ የተኛ ፎቅ ትመስላለች። ክፍላችን በወረቀቱ ላይ «ጠበብ ያለ፣ ግን የተሟላ» ተብሏል። ሻንጣችን ቀድሞን ገብቶ አልጋው ላይ ተኝቷል።

«መብራቱን አጥፉልኝ» አለ ሻንጣው። እንግዳ ነውና አጥፍተንለት ወደ በረንዳው ወጣን።

ወረቀቱ «በየቀኑ አንድ ከተማ ይጎበኛሉ» ይላል። ስተረጉም «ጎ» ላልቶ መነበብ አለበት ወይስ ጠብቆ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጠብቆ ኖሯል። ከበረንዳችን ሥር አንዲት ከተማ ልትጎበኘን መጣች። ቤተ መንግሥቷን ትከሻዋ ላይ፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ብብቷ ሥር ይዛለች። ከፊቷ ቁጥር የተጻፈበት በትር ያነሣ አስጎብኚ ይሄዳል።

«በስተግራ የምታዩዋቸው ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ይባላሉ» አለ አስጎብኚው። «የተሠሩት በንጉሡ ዘመን ነው። ጉልበታቸው ሁለት ጊዜ ታድሷል። ሳቃቸው ግን እንደ ጥንቱ ነው። እባካችሁ በእጅ አትንኩ።»

ከተማዋ ፎቶ አነሣቻት። አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንዱን አክስት ያየ ሁሉንም አየ» ሲል አንደኛው ቤተ ክርስቲያን አጉረመረመ። «እግሬን አሞኛል፤ መቀመጫ የለም?»

ከተማዋ ጎብኝታን ስትጨርስ ደወል ተደወለና መርከባችን ተንቀሳቀሰች። በወንዙ ላይ ያሉት ድልድዮች ዝቅ ያሉ ናቸው። ወረቀቱ ተሳፋሪው ጎንበስ እንዲል ይመክራል። እዚህ ግን ድልድዮቹ ለአክስቴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። አክስቴም በበኩሏ ከነሱ ዝቅ ለማለት እየሞከረች ወገቧን ልትሰብር ደረሰች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የውኃው በር ዘንድ ደረስን። የውኃ በር ማለት መርከብ ከዝቅተኛው ውኃ ወደ ከፍተኛው የሚወጣበት ቦታ ነው። መርከቧ በግንብ መካከል ትገባለች፤ ከኋላዋ በሩ ይዘጋል፤ ውኃ ይሞላል፤ መርከቧ እንደ ቡሽ ከፍ ትላለች። የሚገባው አንድ መርከብ ብቻ ነው። ከግንቡ ማዶ፣ ከፍ ብሎ ባለው ውኃ ዳር፣ ሊንዝ ትታያለች። ከሊንዝም ፊት ለፊት መክሊት ቆማለች። ሰማያዊ የሥራ ልብሷን አልቀየረችም።

«እሷ ናት» አለች አክስቴ። ሽሮውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

ችግሩ ከኛ እኩል ሌላ መርከብ መድረሱ ነበር። የኛ ካፒቴን ሄልሙት ይባላል፤ ጺሙ ሽበት፣ ጫማው የተወለወለ፣ በጣም የታረመ ሰው ነው። የድምፅ ማጉያውን አነሣ።

«እናንተ ቅደሙ!» አለ።

«ኧረ በፍጹም!» አለ የወዲያኛው ካፒቴን። «እናንተ እያላችሁ?»

«እንግዳ ይዛችሁ የለም እንዴ? ግቡ!»

«እናንተስ የያዛችሁት ጭድ ነው? ግቡ እንጂ!»

«ሄልሙት ይሙት፣ አልገባም!»

«አፈር ስሆን!»

«ውኃ መሃል አፈር ከየት ይመጣል? ይልቅ ቅደሙ!»

በሩም «ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ እኔ ብቻዬን ተከፍቼ ምን እሠራለሁ?» ብሎ ተዘጋ። ከኋላችን ሌሎች መርከቦች እየመጡ ተሰለፉ። ማንም አልተቆጣም። እያንዳንዱ «የኛን ነገር ተዉት፤ እኛ የትም አንሄድም» እያለ መልሕቁን ጣለ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። መክሊትን ሳያት አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሰዓቷን ባየች ቁጥር በሁለት ዓመት ታንሳለች። መጀመሪያ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ከአገር የወጣችበትን ዕድሜ አልፋ ወርዳለች።

«እትዬ፣ ካልፈጠንን በአንቀልባ ነው የምናገኛት» አልኳት።

ካፒቴን ሄልሙት ተሳፋሪውን ሁሉ ሰበሰበ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ክቡራንና ክቡራት» አለ። «እያንዳንዱ የወንዝ መርከብ አንድ ባለጌ እንዲቀጥር ሕጉ ያዛል። ለእንዲህ ያለ ቀን ማለት ነው። የኛም ባለጌ አለ፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ግን የዓመት ፈቃድ ላይ ነው። ከመካከላችሁ ባለጌ የሆነ ሰው አለ?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ አንዲት ዓይናፋር አሮጊት እጇን አነሣች።

«ባሌ ባለጌ ነው።»

«ኧረ አንቺ ትበልጪኛለሽ» አለ ባሏ።

«አንተ እያለህ? እንዴት ተደርጎ!»

«ተይ እንጂ፣ ትሕትና አታብዢ።»

እነሱም በዚያው ቀሩ። ካፒቴኑ ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ።

«አንተ ወጣት ነህ» አለኝ። «የከተማ ልጅ ነህ። ታክሲ ትሳፈራለህ። ባለጌነት እንዴት ሳትማር ትቀራለህ?»

አፈርኩ። እኔ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የሚያሳፍረኝ ሰው ነኝ። ሁልጊዜ ሌላ ሰው የሚወርድበት ቦታ ድረስ ሄጄ፣ ተከትዬው ወርጄ፣ በእግሬ እመለሳለሁ። አንድ ጊዜ ከሜክሲኮ ተነሥቼ ሳር ቤት ልወርድ ብዬ ጀሞ ደርሻለሁ። ይህንን ለካፒቴኑ አልነገርኩትም። «እሞክራለሁ» አልኩ፤ ሳልሞክር እንኳ ጆሮዬ ጋለ።

አክስቴ እጅጌዬን ያዘች።

«ይትባረክ፣ እንዳታደርገው! ሰው ምን ይላል?»

«መክሊትስ፣ እትዬ?»

«መክሊት የኔ ልጅ ናት፤ ትችለዋለች። እነዚህ ግን የሰው ልጆች ናቸው። ይቀየሙናል።»

«ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው!»

«ቢሆንስ! ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው ለአንድ ሰዓት ብሎ ስሙን ያጠፋል?»

ይህን ስትል ግን ዓይኗን ከግንቡ ማዶ አላነሣችም። የፌስታሉ እጀታ በጣቷ ላይ ተጠምጥሞ ጣቷን አቅልቶታል። እጅጌዬን ከእጇ ቀስ ብዬ አስለቀቅኩና ወደ መርከቧ አፍንጫ ሄድኩ።

ከወዲያኛው መርከብ ላይ ሁለት መቶ ፈረንጆች በአክብሮት ይመለከቱኛል። የምናገረው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፤ «እኛ እንቅደም»፤ ሁለት ቃል። በልቤ ሰባት ጊዜ አልኩት። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አፌን ከፈትኩ።

«እናንተ ቅደሙ» አልኩ።

ሁለቱም መርከቦች አጨበጨቡ። «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» «እንዲህ ያለውን ያሳደገች እናት ትባረክ!» ካፒቴን ሄልሙት ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። አክስቴ አላጨበጨበችም።

ለሰባት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀረ። መክሊት አሁን የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሳለች፤ ፀጉሯ ሁለት ላይ ተጎንጉኗል። ሰዓቱ ለእጇ ሰፍቷት ወደ ክርኗ ይንሸራተታል። እሱን መልሳ ለማየት እጇን ከፍ ስታደርግ አየሁ። አንድ ጊዜ ካየችው ሌላ ሁለት ዓመት ትጎድላለች። እኔ እንጃ፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከሆዴ ይሁን ከእግሬ፣ ለስንት ዓመት ሳልለው የቀረሁት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

የወዲያኛው ካፒቴን የድምፅ ማጉያው ከእጁ ወደቀ። በሩ በድንጋጤ ወለል ብሎ ተከፈተ።

«እንዴት ያለ ባለጌ ነው!» አለ የወዲያኛው ካፒቴን፣ ከደስታ ብዛት እየተንተባተበ። «ተመስገን! እንዴት ያለ አሳዳጊ የበደለው ነው!»

መርከባችን ገባች። በሩ ተዘጋ። አክስቴ ወደ ኋላ ዞራ «ልጅ ነው፣ ይቅር በሉት፤ ጠዋት ቁርስ አልበላም» እያለች ትለምናለች። ውኃው መሙላት ጀመረ። የግንቡ ድንጋዮች አንድ በአንድ ከፊታችን ወደ ታች ወረዱ። መጀመሪያ የመክሊት ጫማ ታየ። ቀጥሎ ጉልበቷ። ከፍ ባልን ቁጥር እሷም ታድጋለች፤ ሹራቡ ጠፍቶ ሰማያዊው ልብስ ተመለሰ። እጇን ዘረጋች። አክስቴ ልመናዋን አቋርጣ ዞረች፤ ሽሮውን መሬት አስቀመጠች፤ እሷም ዘረጋች። በጣታቸውና በጣታቸው መካከል የቀረው አንድ ስንዝር፣ ቀጥሎ ግማሽ ስንዝር ነበር።

«እማዬ!» አለች መክሊት።

«ወንድም!» አለኝ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ዓይኔን ገለጥኩ። የጥበቃ ልብስ የለበሰ ሰው ትከሻዬን ይዞ ይነቀንቀኛል። በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እኔን እያየ ይስቃል።

«ወራጅ አለ ትላለህ እንዴ? የቪዛ ቃለ መጠይቅ ነው እኮ እዚህ! ተነሥ፣ ውጭ ሆነህ ጠብቅ።»

ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ወሰደኝ። በመስተዋቱ መስኮት ፊት አክስቴ ቆማለች፤ ተራዋ ደርሶ ኖሯል። ከመስኮቱ ወዲያ አንድ ፈረንጅና አንዲት አስተርጓሚ ተቀምጠዋል።

«እማማ» አለቻት አስተርጓሚዋ፣ «ልጅዎ መክሊት የወንዝ መርከብ ጉዞ ከፍላ ጋብዛዎታለች። ወደሷ መሄድ ይፈልጋሉ?»

አክስቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች፤ ወደ ኋላዋ ዞራ ሰልፉን አየች።

«ኧረ ይቅርብኝ፣ የኔ ልጅ!» አለች። «ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ እኔ ልቅደም?»

አስተርጓሚዋ ቃል በቃል ተረጎመችለት። ፈረንጁ አመሰገናትና ጻፈ።